በራቢዓ ስም የተጠራ ውሃ

የልጄ ልጅ ጠይባ ባለፈው ክረምት ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥታ ሳለ አንድ ጎረቤታችን በበራችን ሲያልፍ አያትና፣ «ይቺ ልጅ ፌሚኒስት ሆናለች አሉ፤ ወንድ ጠል ሆናለች» ብሎኝ ሄደ። የመጀመሪያውን ቃል አላውቀውም ነበርና እሷኑ ጠየቅኋት። «አባባ፣ ሴት ሰው ናት፤ እንደ ሰው ትቆጠር፣ ድርሻዋም ይሰጣት ማለት ነው። ሌላ ምንም የለበትም» አለችኝ። ሁለተኛውን ቃል ግን ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። በእኛ መንደር «ወንድ ጠል» የሚለውን ስም መጀመሪያ ከአፉ ያወጣው ሰው እኔ ነኝ። ያወጣሁባት ሴት ራቢዓ ትባል ነበር። ፊደል የቆጠርሁት ዕድሜዬ ሃምሳን ካለፈ በኋላ፣ ከልጆቼ ደብተር ላይ በራሴ ስለሆነ፣ የሷን ታሪክ ለመጻፍ ዘግይቻለሁ። ቢዘገይም ያየሁትን አኖራለሁ።

ራቢዓ የኢብሮ ሚስት ነበረች። ኢብሮ ግመል ነጂ ነው። ጣሊያን ይፋትን በያዘ በዓመቱ ኢብሮን ከነግመሎቹ ለጭነት ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ሞተ የሚል መርዶ አልመጣም፣ አየሁት የሚል ሰውም አልተገኘም። ራቢዓ ከሁለት ሴቶች ልጆቿ ጋር ማሳው ላይ ቀረች። የሰው ጥጥ እያረመች በምትኩ የባለቤቱን በሬ ለአንድ ቀን ትቀበላለች፤ በዚያ መሬቷን ታሳርሳለች። ቀጭን ረጅም ሴት ነበረች። እንዝርት ከእጇ አይለይም፤ መንገድ ስትሄድም፣ ከሰው ስታወራም ትፈትላለች። የሚያውቋት ሰዎች ፊቷን ሳይሆን እንዝርቷን ነበር የሚያዩት። እንዝርቷ ከቆመ ቁጣዋ መጥቷል ማለት ነው።

በእኛ አገር ማሽላ በዝናብ ይበቅላል፤ የሚያፈራው ግን በሮቢ ወንዝ ውሃ ነው። ወንዙን በድንጋይና በቅጠል ገድበን በአንድ ቦይ ወደ ማሳችን እናወርዳለን። ለሁሉ በአንዴ ስለማይበቃ ተራ አለው። ተራውን የሚጠብቅ ሽማግሌ የውሃ አባት ይባላል። የዚያን ጊዜው የውሃ አባት ጋሽ ሳልህ ነበር። የአንድ ሰው ተራ በስምንት ቀን አንዴ ይደርሳል። በዚያ ቀን ጧት ፀሐይ ስትወጣ ጋሽ ሳልህ ቦዩ አፍ ላይ ካለችው ድንጋይ ላይ ይቆምና የባለተራውን ስም ይጠራል። የተጠራው «አቤት!» ይልና በዶማው ውሃውን ወደ ማሳው ይከፍታል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አቤት ያላለ ሰው ተራው ያልፈዋል፤ ውሃው ከእሱ በታች ላለው ማሳ ይሄዳል። አቤት የሚለው ደግሞ ወንድ ብቻ ነበር። ከኢብሮ ማሳ በታች ያለው ማሳ የእኔ ነው።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ዝናቡ ነሐሴ ሳያልቅ ሄደ። ማሽላው ገና መዘርዘሩ ነበር። እስከዚያ ድረስ ለራቢዓ አቤት የሚልላት ወንድሟ ነበር፤ እሱንም በዚያው ሰሞን ለመንገድ ሥራ ወሰዱት። የኢብሮ ተራ በደረሰ ጧት ሁላችንም ቦዩ አፍ ላይ ተሰብስበናል።

«ኢብሮ!» አለ ጋሽ ሳልህ።

«አቤት!» አለች ራቢዓ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ጋሽ ሳልህ በዓይኑ ፈልጎ አገኛትና፣ «እኔ የጠራሁት ኢብሮን ነው» አላት።

«ኢብሮ እንደሌለ አንቱም ያውቃሉ። ማሳው ግን አለ፤ ልጆቹም አሉ።»

«እንግዲያው የባልሽ ወንድም ይምጣ።»

«የባሌ ወንድም ካራቆሬ ነው ያለው። አቤት ለማለት በየስምንት ቀኑ ከካራቆሬ ይምጣልኝ?»

ከኋላ አንዱ፣ «ቃዲው ዘንድ ሂጂና ተፈቺ፤ ሌላ ባል አግቢ፤ እሱ አቤት ይልልሻል» አላት።

«ማሽላዬን ውሃ ላጠጣ ብዬ ባል ላግባ? አንተ አህያህን ውሃ ለማጠጣት ስንት ሚስት አገባህ?»

ሳቅ ሆነ። ጋሽ ሳልህ ግን አልሳቀም። ሁለተኛም ሦስተኛም «ኢብሮ!» አለ፤ እሷም ሁለቱንም ጊዜ «አቤት!» አለች፤ እንዳልተመለሰ ተቆጠረና ተራው አለፈ። እኔ ተጠራሁ። «አቤት» ብዬ ዶማዬን አነሳሁ።

«ጋሼ ሳልህ፣ ከእንግዲህ በኢብሮ ስም አይጥሩኝ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «በራሴ ስም ይጥሩኝ። ስሜ ራቢዓ ነው።»

ውሃው ወደ እኔ እየመጣ ነበር። የሰው ውሃ እንደምወስድ አውቄው ኖሮ መሰለኝ፣ አፌ ዝም ሊል አልቻለም። «ይተዉአት ጋሼ፣ ይቺ ወንድ ጠል ናት!» አልሁ። ሰዉ ሳቀ። ስም ሲወጣ እንዲህ ነው፤ በሚቀጥለው የሮቢት ገበያ ቀን ጨው የሚሸጡት ሁሉ «ወንድ ጠል» እያሉ ያወሩባት ነበር።

እሷ ግን ነገሩን አልተወችውም። ሽማግሌዎቹን መንደሩ ከሚሰበሰብበት ሾላ ዛፍ ሥር አስቀመጠቻቸው። እኔም ሄጄ ነበር፤ ለመሳቅ ነበር የሄድሁት።

ጋሽ ሳልህ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የያዘው ምክንያት ነበረው። «ልጄ፣ ውሃ የሚወስድ ሰው ግድብ ሲሰበር ድንጋይ ይሸከማል። ደንቡ በወንድ ስም የሆነው ለዚህ ነው» አላት።

«ባለፈው ክረምት ጎርፍ ግድቡን ሲወስደው ማን ድንጋይ ተሸከመ?» አለችው። እንዝርቷ እየሾረ ነው። «ግማሹ ወንድ መንገድ ሥራ ላይ ነበር። እኔና ንግሥት፣ ከነልጆቻችን፣ ደረታችን ድረስ ውሃ ውስጥ ቆመን ነው ያስተካከልነው። አንቱም ከዳር ቆመው ‹በርቱ ልጆቼ› ብለውናል። ያን ጊዜ ወንድ ነበርን?»

ንግሥት የደገኛ ልጅ ናት፤ ባሏ ከራቢዓ ወንድም ጋር በአንድ ቀን የተወሰደ። ከራቢዓ ኋላ ተቀምጣ ነበርና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ጋሽ ሳልህ ጢሙን አሻሸ። «ዛሬ አንቺን ብጠራ ነገ ሚስት ሁሉ ትመጣብኛለች። ባልና ሚስት ቦይ አፍ ላይ ሲጣሉ ላስታርቅ ነው?»

«አንድ ቤት አንድ ተራ ነው፤ እሱን አላፈረስሁም። የቤቱን ተራ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ይመልስ ነው ያልሁት። ኢብሮ ነገ ቢመጣልኝ እሱ አቤት ይበል። እኔ ግድቡ ላይ ቆሜ እልል እላለሁ።»

«ወንድ ጠል ደግሞ ለወንድ እልል ትላለች?» አልሁ እኔ።

እንዝርቷ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ። «ቃሲም፣ እናትህ ታማ ስትተኛ ሁለት ወር ያዘልሁህ እኔ ነኝ። ያን ጊዜም ወንድ ነበርህ፤ አልጠላሁህም» አለችኝ።

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌዎቹ ግን «እናስብበት» ብለው ተነሱ። ያሰቡበትም ነገር አልነበረም፤ በስምንተኛው ቀን ጋሽ ሳልህ እንደገና «ኢብሮ!» አለ፤ እሷም እንደገና «አቤት!» አለች፤ ውሃው እንደገና ወደ እኔ ማሳ ሄደ። የእሷ ማሽላ በዚያን ጊዜ ቅጠሉን እንደ ጥቅልል ወረቀት ጠቅልሎ ነበር። አንድ ተራ ቢያልፈው ይችለዋል። ሁለት ካለፈው ከባድ ነው። ሦስተኛ ካለፈው ግን ለከብት ይታጨዳል እንጂ እህል አይሆንም። ሁለት ልጆች ያንን ማሽላ ነበር የሚጠብቁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በዚያ ዘመን ጋሽ ሳልህ በምስጢር ከየቤቱ እህል ይሰበስብ ነበር። እኔ በአህያዬ ጭኜ፣ ገበያ የምሄድ መስዬ፣ በደብረ ሲና ዳገት ሥር ላሉት አርበኞች አደርሳለሁ። አህያዬ የምታልፈው በራቢዓ ማሳ ድንበር ነው። አንድ ቀን ጭነቱን አይታ ምንም ሳትጠይቀኝ ገባችና አንድ እቅፍ ጥጥ አምጥታ ከላይ ደለደለችበት። «ጥጥ የጫነ አህያ ማንም አይፈትሽም» አለች። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ጥጡን የምታለብስልኝ እሷ ነበረች። ወንድ ጠል ብዬ ከሰደብኋት በኋላም አልተወችም።

በዚያው በሁለተኛው ተራ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ የእሷን ውሃ ማሽላዬ መሐል ቆሜ እያጠጣሁ ሙሳ መጣ። ሙሳ የአገራችን ልጅ ነው፤ ለጣሊያኑ ምሽግ አስተርጓሚ ሆኖ ያደረ። እኔን አላየኝም፤ ማሽላው ከቁመቴ በላይ ነው። ራቢዓ ድንበሯ ላይ ቆማ ትፈትላለች።

«እትዬ ራቢዓ፣ እነዚህ ወንዶች በደሉሽ አሉ።»

«በደሉኝ።»

«ወንድ የሚባል ሁሉ አስጠልቶሻል አሉ። አልፈርድብሽም። የምሽጉ ሹም አንድ ቃል ቢናገር ይህ ቦይ ያንቺ ነው። በስምንት ቀን አይደለም፤ ባሻሽ ቀን። ያ ሽማግሌ ሳልህ ጎንበስ ብሎ አንቺን ውሃ ይለምንሻል።»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ሁለት ስም። ወደ ላይ የሚወጣውን እህል ማን ይሰበስባል? ማን ይጭናል?»

ውሃው ባቴን እየነካ ይሄዳል። የሷ ውሃ ነው። ዶማዬን ጨብጬ ቆሜ በአገዳው መሐል እንዝርቷን አያለሁ። ሾረ፣ ሾረ፤ ቆመ።

«ሙሳ፣ እኔ የጠየቅሁት ውሃ ነው። የሰው ደም ጠይቄ አላውቅም።»

«ለእነሱ ብለሽ ነው? በገበያው ሁሉ ስምሽን ያጠፉትን?»

«ጎረቤቶቼ ናቸው፤ የምሟገታቸው ለዚያ ነው። ነገም እሟገታቸዋለሁ። ላንተ አሳልፌ ከሰጠኋቸው ከማን ጋር ልሟገት?» አለችውና እንዝርቷን እንደገና አሾረችው። «ስም ደግሞ አላውቅም።»

«ሦስት ቀን አስቢበት» ብሏት ሄደ።

ያን ምሽት ጋሽ ሳልህ ዘንድ ሄድሁ። ለመግሪብ ሶላት ውዱእ እያደረገ ነበር። የሰማሁትን ሁሉ ነገርሁት። የሚታጠብበትን ኩስኩስት መሬት አስቀመጠ።

«እኔ እንደምሰበስብ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«አንተ እንደምትጭንስ?»

«ጥጡን የምታለብስልኝ እሷ አይደለች?»

ክንዱ ላይ ያለውን ውሃ በእጁ ጠረገ። ከዚያ፣ «እኔ ስሟን አልጠራም አልኋት። እሷ ስሜን አልጠራም አለች» አለ። «ሱብሃነላህ! እንግዲህ ከሁለታችን የቱ ነው የሚበልጠው?»

በሦስተኛው ቀን ሁለት ወታደሮች መጥተው ወሰዷት። ልጆቿን ንግሥት አስገባቻቸው። ጋሽ ሳልህና እኔ ልንሸሽ እንችል ነበር፤ አላደረግነውም። በየቀኑ ዛሬ ትናገራለች፣ ዛሬ ይመጡብናል እያልን ጠበቅን። የመጣብን ግን አልነበረም።

በተወሰደች በአምስተኛው ቀን የኢብሮ ተራ ደረሰ። ጋሽ ሳልህ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ሰው በሙሉ ይጠብቃል። ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ራቢዓ!» አለ።

መንደሩ ጆሮውን አላመነም። መልስ የለም። ምሽግ ውስጥ ናት፤ ከየት ይመጣል?

«ራቢዓ!»

አሁን ሰዎች ወደ እኔ ማየት ጀመሩ። ካለፈ የእኔ ነው። የእኔ ማሽላ በራሱ ተራ ላይ የሷን ሁለት ተራ ጠጥቶ ጠግቦ ቆሟል። ጋሽ ሳልህ ሦስተኛውን ሳይጠራ ብዙ ቆየ። ያን ያህል ሲቆይ አይቼው አላውቅም።

«ራቢዓ!»

«አቤት!» አልሁ።

ሳቁ ፈነዳ። «ቃሲም፣ ከመቼ ወዲህ ነው ራቢዓ የሆንኸው?» «ሻሽ አምጡለት!» «ወላሂ እንዝርት ይገዛለት!» ጆሮዬ እሳት ሆነ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ በሴት ስም ተጠርቼ አቤት ስል መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ገባኝ፦ እኔን አንድ ጧት በሴት ስም አቤት ማለት እንዲህ ካነደደኝ፣ እሷን ሁልጊዜ በሌላ ሰው ስም መጠራት ምን ያደርጋት ይሆን? ዶማዬን አንስቼ ውሃውን ወደ ማሳዋ መለስሁት። እስከ አስር ሰዓት አጠጣሁ። ታላቋ ልጇ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ በእግሯ ጭቃ እየገፋች ውሃውን ወዳልደረሰበት ትመራልኝ ጀመር።

ራቢዓ በተወሰደች በዘጠነኛው ቀን ተፈታች። እንዴት እንደተፈታች ሙሳ ራሱ ገበያ ላይ አወራው። ለሹሙ የነገረው እንዲህ ነበር፦ «ወንድ የምትጠላ ሴት ለወንድ ብላ አትገረፍም። ብታውቅ ኖሮ በመጀመሪያው ጅራፍ ትናገር ነበር። አልተናገረችም፤ ስለዚህ አታውቅም።» ሹሙም አመነው። መብቷን የጠየቀች ሴት ወንድን ትጠላለች ብሎ በማመኑ፣ እውነቱ አፍንጫው ሥር ሆኖ ሳለ አጣው። እኔም ያንኑ ስሕተት ከሱ በፊት ተሳስቼው ነበር። ስድቤ አዳነኝ ብዬ ልኮራ አልችልም፤ የተገረፈችው እሷ ናት። የግራ እጇ ሁለት ጣቶች ከዚያ ወዲህ አልተዘረጉም። መፍተል ግን አልተወችም፤ ጥጡን በሦስት ጣት መያዝ ለመደች።

የተመለሰች ዕለት በቀጥታ ማሳዋ ሄደች። ማሽላው ቅጠሉን ፈትቶ ቆሟል። እኔ ድንበሩ ላይ ነበርሁ።

«ማነው ያጠጣው?»

«እኔ ነኝ።»

«በማን ስም?»

«በአንቱ ስም» አልኋት። እስከዚያ ቀን «አንቺ» ነበር የምላት።

«አቤት ያለውስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለኝ። «ጀዛከላህ፣ ቃሲም። ልጆቼን አተረፍህልኝ» አለች። ቀጥላም፣ «ሁለተኛ ግን አትመልስልኝ። አፍ አለኝ» አለችኝ።

በሚቀጥለው ተራ ቀን ጋሽ ሳልህ «ራቢዓ!» ሲል እሷ «አቤት!» ብላ በደኅና እጇ ዶማ ይዛ ወረደች። ከሰዉ መሐል አንዱ፣ «ወንድ ጠል መጣች!» አለ። ያወጣሁት ስም እኔው ጆሮ ላይ ተመልሶ ሲጮህ አንገቴን ደፋሁ። በእኛ ቆላ ዝናብ ከሄደ በኋላ ጧት ጧት የማሽላ ቅጠል ላይ የሚያርፈውን እርጥበትም ጠል እንለዋለን። ጋሽ ሳልህ ከድንጋዩ ሳይወርድ፣ «ልክ ብለሃል፤ ለወንድ ጠል ናት» አለው። «ጠል ባይወርድልህ ይሄ ማሽላህ የት ይደርስ ነበር?»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ቀና ብዬ አልዋሽም። ንግሥት በስሟ እስክትጠራ ሁለት ወር ተሟግታለች። ጣሊያን ወጥቶ ወንዶቹ ሲመለሱ ብዙ ቤት ወደ ድሮው ደንብ ተመለሰ። ጋሽ ሳልህም ቢሆን ሌሎች ሴቶችን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ኢብሮ አልተመለሰም። እሷ ከዓመታት በኋላም ግመል ባለፈ ቁጥር እንዝርቷን አቁማ መንገዱን ታይ ነበር፤ ያን ጊዜ የሚያቆመው ቁጣ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የእሷ ስም ግን በዚያ ቦይ እስከ ዕለተ ሞቷ ተጠራ።

ጠይባ ይህን ሰምታ፣ «ይቅርታ ጠይቀሃታል፣ አባባ?» አለችኝ።

አንድ ጊዜ ሞክሬአለሁ። ማሽላው በታጨደ በዓመቱ ነው፤ ጧት ቦዩ ዳር ነበርን። የትናንቱ ተራዋ አልቆ ዶማዋን ታጥባለች። «እትዬ ራቢዓ፣ ያን ስም ያወጣሁብዎት እኔ…» ብዬ ጀመርሁ፤ ቀሪውን ቃል እፈልጋለሁ። ከላይ ጋሽ ሳልህ «ቃሲም!» አለ። አልሰማሁትም። ሁለተኛም «ቃሲም!» አለ።

ራቢዓ ውሃውን ከዶማዋ ላይ አራገፈችና ወደ ቦዩ አፍ ጠቆመችኝ።

«ተራህን እንዳታሳልፍ» አለችኝ። «እየጠሩህ ነው። አቤት በል።»